አውቶቡስ የሌለው ፌርማታ

እዚህ ቻናል ላይ የሚጻፈውን ሁሉ አነባለሁ። ግማሹ ተቀምጦ የተፈጠረ እንደሆነ ያስታውቃል።

ይሄን ግን ያየሁት እኔ ነኝ። በሁለት ዓይኔ።

የማታምኑ እለፉት። እኔን ያላመነ ሰው እናንተ የመጀመሪያ አይደላችሁም።

ጊዜው ነሐሴ 1976 ነው። ቦታው ላፍቶ። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው... ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።

ላፍቶ ሲባል ኮንዶሚኒየምና ሱቅ የሚመጣባችሁ፣ ያኔ ጤፍና ሽምብራ እንደነበረ እወቁ። ከነፋስ ስልክ ወዲያ ያለው መንገድ በክረምት ጫማ ይበላል። መኪና በሳምንት አንዴ ካለፈ ብዙ ነው።

በዚያ ጭቃ መሀል ነው ፌርማታ የሠራነው።

ወጋየሁ እባላለሁ። ሥራዬ ልስን ነበር። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ነው። ለምን እዚያ ላይ እንደቀረ አልናገርም፤ ያባረረኝን መምህር ስም ግን ዛሬም አልረሳሁትም። በዚህ ከተማ ስንት ግድግዳ በእጄ እንዳማረ ብቆጥርላችሁ ይሰለቻችኋል። አንዱም ላይ ስሜ የለም።

በዚያ ዓመት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው። ከተማው ቀይ ጨርቅና ኮከብ ብቻ ሆኗል። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች የገበሬውን አዲስ ሕይወት እንዲያዩ ላፍቶ ይወሰዳሉ ተባለ። ስለዚህ ገበሬው አውቶቡስ የሚጠብቅበት ፌርማታ ይሠራለት ተባለ።

አውቶቡሱን ማንም አላነሳም።

ፌርማታ ስላችሁ አራት ብረትና አንድ ቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ። አሥራ አራት ሜትር አርማታ ነው። ጣራው እንደ ክንፍ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ጫፉ ላይ ኮከብ አለ። ከመቀመጫው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወዛደር፣ ገበሬና ወታደር ጎን ለጎን ቆመው ሩቅ ያያሉ። የሦስቱንም ክንድ በሲሚንቶ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ንድፉን የሠራው ባለ ዲግሪ አንድ ቀን መጣ፣ ጫማው ጨቀየ፣ ሄደ።

ያየሁትን ለበዓል ኮሚቴው ሰው፣ ለጓድ በኃይሉ ነገርኩት።

"ጓድ፣ ይሄ ጣራ በጣም ከፍ ብሏል። ዝናብ አያስጥልም።"

"ኮከቡ ከሩቅ መታየት አለበት።"

"መቀመጫውም ከፍ ብሏል። ሰው ቢቀመጥ እግሩ መሬት አይነካም።"

"እንግዳው ከመኪና ሆኖ ነው የሚያየው። እግር ማን ያያል? አንተ ለስን።"

ለሰንኩ።

ያረፍኩት መንገዱን ተሻግሮ ከፌርማታው ፊት ለፊት፣ አዴ ገዲሴ የሚባሉ እናት ቤት ነው። ባላቸው ጉርሜሳ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ለታ። በ1974 ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የላከው።

የለታን መደብ ለኔ ሰጡኝ። "ኢልማ ኮ" ይሉኝ ነበር። ልጄ ማለታቸው ነው። የወለደችኝም እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ሐምሌ ላይ ጓድ በኃይሉ ገበሬውን ሰብስቦ ንግግር አደረገ። አብዮቱ ገጠሩን ከከተማ አገናኘ አለ። "ከእንግዲህ ልጆቻችሁ በአውቶቡስ መጥተው ደጃፋችሁ ላይ ይወርዳሉ!" አለ።

ሰው አጨበጨበ። ንግግር ነው፤ ንግግር ሲያልቅ ይጨበጨባል።

አዴ ገዲሴ ግን እንደ ቀጠሮ ሰሙት።

ማታ እራት ላይ፣

"ስንት ቀን ቀረው?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ፌርማታው ነዋ። ሲያልቅ አይደል ለታ የሚመጣው?"

"አዴ፣ እሱ እኮ እንዲሁ የተባለ ነገር ነው።"

"ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ?" ብለው ሳቁብኝ። "ይልቅ ቶሎ ቶሎ ለስን። እጅህ እንዲህ ቀርፋፋ ሆኖ ነው ሚስት ያጣኸው።"

በማግስቱ አንድ ሙክት ከበረት አውጥተው ደጅ አሰሩ። ለለታ።

ማክሰኞ ነሐሴ 22 ቀን ነው ነገሩ የመጣው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ነገሪ ሲሚንቶ ወደምናስቀምጥበት ደሳሳ ቤት ገቡ። እጃቸው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ። ማንበብ አይችሉም።

"እስቲ ወጋየሁ፣ ምን ይላል?"

አነበብኩት። ሁለት መስመር ነው። ለታ ጉርሜሳ... በሚያዝያ ወር... በግዳጅ ላይ እንዳለ...

ኦቦ ነገሪ ሲሚንቶው ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ።

"ሰው ልጥራ። ጠዋት እንነግራታለን" አሉ።

መርዶ እንደሆነ በጠዋት ነው የሚነገረው። ጎረቤት ሳይነጋ ተጠራርቶ ደጅህ ይቀመጣል። ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ይላል። ከመሀል አንዱ ይናገራል። በጠዋት ደጅህ ላይ ሰው ተቀምጦ ካየህ፣ ሳይነግሩህም ታውቀዋለህ።

ጓድ በኃይሉ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ገባና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"እንግዶቹ ሳይመጡ እዚህ ሰፈር ለቅሶ አይሰማም" አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። "ካሜራ ይመጣል። ደስ ያለው ገበሬ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ አልቅሱ።"

"ጓድ፣ እናት ናት እኮ" አሉ ኦቦ ነገሪ።

"አንተስ ሊቀመንበር አይደለህም?"

ኦቦ ነገሪ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ስምህ ማነው?"

ሦስት ወር ሙሉ እፊቱ ስሠራ ከርሜ ያን ቀን ነው ስሜን የጠየቀኝ።

"ወጋየሁ።"

"የምረቃው እብነ በረድ ላይ እናስጽፈዋለን። ሠሪው ወጋየሁ ተብሎ። ይሄ ነገር ካፍህ ካልወጣ።"

ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት ብላችሁ በቀለለኝ። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ። ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም።

ያን ማታ አዴ ገዲሴ ራቴን አቅርበው ፊቴን አዩኝ።

"ምን ሆነሃል?"

"ደክሞኝ ነው።"

በለታ መደብ ላይ ተኛሁ።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። የሌሊቱ ዝናብ አላባራም። ጉም ነው። መንገዱን ልሻገር ስል ፌርማታው ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል።

ጋቢውን ተከናንቧል።

ዝናቡን ሊጠለል ገብቶ ነው ብዬ አለፍኩ። ውኃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ የለም።

ሐሙስ... ሁለት ሆኑ።

ዓርብ... ሦስት።

አይነጋገሩም። አይተያዩም። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ አዴ ገዲሴ ቤት አዙረዋል።

ኦቦ ነገሪ ሰው ልከው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"ሰው አስቀምጠዋል እንዴ?"

"የት?"

"ፌርማታው ላይ። በጠዋት።"

"አሁን ማን ደፍሮ ይቀመጣል?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "ስንት ናቸው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ገብተው በሩን ዘጉ።

ቅዳሜ ከአዴ ገዲሴ ቤት ፊት የቆርቆሮ አጥር ተሠራ። እንግዶቹ የጭቃ ቤቱን እንዳያዩት ነው። አረንጓዴ ተቀባ። አዴ ገዲሴ ቀለሙን ወደዱት።

"ብቻ ለታ ቤቱን እንዳይስተው" አሉ። "ስወርድ አጥር እንጂ ቤት የለም፣ እናቴ የለችም ብሎ እንዳይመለስ።"

በቆርቆሮው መጋጠሚያ ክፍተት አለ። እሑድ ጠዋት በዚያ ክፍተት አጮልቄ አየሁ።

አምስት ናቸው። ቆርቆሮውን ያያሉ። ከኋላው ቤት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነው።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ጣራው ያፈሳል። ዝናቡ በጎንም በፊትም ይገባል። አግዳሚው ላይ ውኃ ይወርዳል። የሰዎቹ ጋቢ ግን ደረቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ... መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ልቤ ደነገጠ፣ ዓይኔ ግን አላገኘውም። ቆይቶ አገኘው።

እግራቸው።

ያን መቀመጫ የለካሁት እኔ ነኝ። ረጅም የተባለ ሰው ቢቀመጥበት እንደ ሕፃን ነው እግሩ የሚንጠለጠለው። የአምስቱም እግር መሬት ረግጧል።

ጳጉሜ ገባ። ዘጠኝ... አሥር...

ለምን አልሸሸህም ትሉኝ ይሆናል። ወዴት? እዚያ ግድግዳ ላይ ስሜ ሊጻፍ ነው እኮ።

ጳጉሜ 3 ቀን ጠዋት አልቻልኩም። መንገዱን ተሻገርኩ። ጫፍ ላይ ካለው ሰው ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ። ከጋቢው ውስጥ ፊት አይታይም።

"ወንድሜ... እዚህ አውቶቡስ የለም" አልኩት።

"እናውቃለን።" ሹክሹክታ ነው። ወጣት ድምፅ ነው።

"ታዲያ ማንን ትጠብቃላችሁ?"

"የሚናገር ጠፋ።"

"ምን?"

"መጥተናል። ተቀምጠናል። የሚናገር አንድ ሰው ጎደለን።"

አሥራ አንዱም ጭንቅላታቸውን ወደኔ አላዞሩም። ያ ነው የባሰብኝ። እንደማውቅ ያውቃሉ፤ እኔን ማየት አላስፈለጋቸውም።

ወደኋላ እየረገጥኩ ተመለስኩ። አዴ ገዲሴ ከአጥሩ ውስጥ ቆመው ሙክቱን ይቀልባሉ።

"ከማን ጋር ታወራለህ?"

"ከማንም።"

"ነገ ነው አይደል?" አሉኝ። ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተዋል።

አሁን ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ይሄን እንኳ ቁጠሩልኝ።

"አዎ፣ ነገ ነው" አልኩ።

ጳጉሜ 4፣ እሑድ። ጠዋት ሰዎቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል፤ አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘውታል። ቀኑ ሲገፋ ግን ማንም የለም። ፀሐይ ወጣች። ባንዲራ ተሰቀለ። እንግዶቹ በሦስት መኪና መጡ። ካሜራው ተተከለ።

ከዚያ በእውነት አውቶቡስ መጣ።

ለዚያ ቀን የተዋሱት ነው። ውስጡ ያሉት ከከተማ መሥሪያ ቤት ተሰብስበው የመጡ ሰዎች ናቸው። የገበሬ ልብስ አልብሰዋቸዋል። ፌርማታው ላይ ቆመና በሩ ተከፈተ። ባንዲራ እያውለበለቡ መውረድ ጀመሩ።

አጥሩ ተንኳኳ። ቆርቆሮው ተገፍቶ አዴ ገዲሴ ወጡ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል።

አንድ በአንድ የሚወርደውን ሰው ፊቱን ይዘው ያዩታል። ይለቁታል። የሚቀጥለውን ይይዛሉ።

"ለታን አላያችሁትም? የጉርሜሳ ልጅ... ረጅም ነው።"

ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ይስቃሉ። እንዲስቁ ታዘዋል።

የመጨረሻው ሰው ወረደ። አዴ ገዲሴ ወደ ሾፌሩ ሄዱ።

"የኔ ልጅ፣ ከኋላ ወንበር ላይ እይልኝ። እንቅልፍ ይወዳል። ተኝቶ እንዳይሆን።"

ሾፌሩ ዞሮ አየ። ማየት አልነበረበትም፤ ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ግን ተነስቶ እስከ ኋላ ድረስ ሄዶ አየላቸው።

"የለም እማማ" አላቸው።

እዚያው ጭቃው ላይ እንባቸው ወረደ። ጓድ በኃይሉ ፈጥኖ መጣና ትከሻቸውን አቀፈ። ለእንግዶቹ በአስተርጓሚ እንዲህ አለ፦

"በደስታ ነው። አውቶቡስ አይታ አታውቅም።"

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ካሜራው ወደ ፊታቸው ተጠጋ።

ከዚያ እብነ በረዱ ላይ ያለው ጨርቅ ተገለጠ። ፊት ለፊቱ ነው የቆምኩት። "በሰፊው ሕዝብ ትግል ተሠራ፤ 1976" ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከታችም ከጎንም ፈለግኩ።

ሌላ ነገር የለውም።

አውቶቡሱ ባዶውን ዞሮ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም።

ማታ ኦቦ ነገሪ ቤት ሄድኩ።

"ነገ ጠዋት እንነግራቸዋለን" አልኩ።

"በኃይሉስ?"

"የፈለገውን ያድርግ።"

"ማን ይናገራል?"

"እኔ።"

"ለምን ዛሬ?" አሉ። ስሜ ሳይጻፍ ስለቀረ ነው አላልኩም። እሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል።

ጳጉሜ 5፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ኦቦ ነገሪና አራት ጎረቤቶች፣ ከኔ ጋር ስድስት ነን። ጋቢ ለብሰን ሄድን።

ፌርማታው ላይ ማንም የለም።

እፎይ አልኩ። ሄደዋል፣ አበቃ ብዬ።

የአዴ ገዲሴ በር ክፍት ነው። ደጃፉ ላይ መሬት ቁጭ ብለዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እኛን ሲያዩ አልተነሱም።

"እናንተም መጣችሁ?" አሉ በሹክሹክታ።

"እንዴት አደሩ አዴ?"

"ቤት እንዳትገቡ። ቦታ የለም።"

ከትከሻቸው በላይ ወደ ውስጥ አየሁ። ጨለማ ነው። መደቡ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰው የለም።

"ከሌሊት ጀምሮ ዝም ብለው ተቀምጠዋል" አሉ። "ብጠይቃቸው አይመልሱም። ወጋየሁ... እነዚህ ሰዎች ለማን ነው የመጡት?"

ከጎረቤቶቹ አንዱ ማልቀስ ጀመረ።

"ለለታ ነው፣ አዴ" አልኩ።

አላለቀሱም። ዓይናቸውን ከኔ ሳያነሱ ጠየቁ።

"መቼ?"

"ሚያዝያ ላይ።"

"ወረቀት መጣ?"

"አዎ።"

"ወረቀቱ መቼ መጣ?"

ይሄን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"የዛሬ... አሥራ ሦስት ቀን።"

"አንተ አነበብከው?"

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

"አሥራ ሦስት ቀን እሱ መደብ ላይ ተኛህ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። "አሥራ ሦስት ቀን አበላሁህ፣ ኢልማ ኮ።"

ከዚያ ጮኹ።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ እግዜር ደግሞ አያሰማኝ።

ሰው ሊያቅፋቸው ተነሳ። ኦቦ ነገሪ ግን እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ "ዝም በሉ... ስሙ" አሉ።

ከወንዙ ማዶ ሌላ ጩኸት አለ።

"የዱጉማ ቤት ነው" አሉ።

ከኮረብታው ላይ ሌላ ተነሳ። ከለቡ በኩል ሌላ። እንደገና ከታች። ጉሙ ውስጥ ከየአቅጣጫው የእናቶች ጩኸት ይመጣል። ኦቦ ነገሪ ቤቶቹን እየጠሩ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ጣታቸው አለቀና እንደገና ጀመሩ።

የአዴ ገዲሴን ጨምሮ... አሥራ ሁለት።

"የሁሉም ልጅ ከለታ ጋር ነው የዘመተው" አሉ። "ግን ወረቀት አልመጣላቸውም። ለአንዳቸውም አልመጣም። ማን ነገራቸው?"

ወረቀቶቹ በኋላ መጡ። አንዱ በጥቅምት፣ አንዱ በጥር፣ እንዲህ እያለ እስከ ዓመቱ መጨረሻ። አሥራ አንዱም መጡ።

ያን ጠዋት ግን ኦቦ ነገሪ ቅርብ ወዳለው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ከለታ ጋር የዘመተው የሮበሌ እናት ቤት ነው። ሴትዮዋን በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። ቤታቸውንም ረግጬው አላውቅም።

መሬት ላይ ተኝተው ደረታቸውን ይመታሉ። ስንገባ ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው ቆመ።

"አንዴ ነገርከኝ እኮ ልጄ" አሉኝ። "ደግሞ ለምን ተመለስክ?"

ኦቦ ነገሪ ከአጠገቤ ፈቀቅ አሉ።

ልወጣ ዞርኩ። የበሩ መቃን ላይ፣ ሰው ተደግፎ በሚናገርበት ቁመት ላይ፣ አምስት ጣት ያለው፣ ልክ የኔን የሚያህል የሲሚንቶ እጅ ታትሟል።

ገና አልደረቀም።